ኬሊ ጆንሰንና አብራሪ የሌለው አይሮፕላን

የአይሮፕላን ምሕንድስና ታሪክ በሚነገርበት ሥፍራ ስሙ ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ አሜሪካዊ አለ። የተጸውዖ ስሙ ክላረንስ ጆንሰን ሲሆን ዓለም የሚያውቀው ግን ኬሊ በሚለው የቅጽል ስሙ ነው። ከፍታን ምሽጉ ያደረገውን ዩ-2ን እና ፍጥነትን ጋሻው ያደረገውን ኤስአር-71ን ያወጣው የመሐንዲሶች ጓድ አለቃ እርሱ ነበር። ስለ ሁለቱ አይሮፕላኖች ብዙ ተጽፏል፤ ገና ብዙም ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ የሚያዘነብለው ግን ከሥራዎቹ ሁሉ አነስተኛ ዝና ወደ ደረሰው፣ በዓላማውም ፈጽሞ ወዳልተሳካው ሥራ ነው። ይኸውም ዲ-21 የተባለው፣ ከራዳር ዓይን እንዲሰወር ሆኖ የተሠራው አብራሪ አልባ የስለላ አይሮፕላን ነው። የአንድ ታላቅ ባለሙያ ጥበብ ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚቆም ከድሎቹ ይልቅ በዚህች ማሽን ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ዛሬ በየሰማዩ የሚበሩት አብራሪ አልባ አይሮፕላኖች የገጠማቸው ችግርም አብዛኛው አስቀድሞ በእርሷ ላይ ደርሶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንሰን የተወለደው በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1910 በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ ምድር፣ ኢሽፔሚንግ በምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ነው። ወላጆቹ ከስዊድን የተሰደዱ ድሆች ሲሆኑ ከዘጠኝ ልጆቻቸው መካከል እርሱ ሰባተኛው ነበር። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ እናቱም የሰው ልብስ እያጠበች ቤቱን ትደጉማለች። ልጁ ከአባቱ መሣሪያ አያያዝን፣ ከከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ስለ በራሪ ማሽኖች የሚተርኩ መጻሕፍትን አገኘ። ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይሮፕላን ነዳፊ እሆናለሁ ብሎ ወስኖ ነበር፤ በዐሥራ ሦስት ዓመቱም በንድፍ ውድድር ሽልማት አገኘ። ቅጽል ስሙ የመጣው ከጠብ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛው ስሙን በሴት ስም እየለወጠ ሲያላግጥበት ጠልፎ ጣለውና የልጁ እግር ተሰበረ፤ ሌሎቹ ልጆችም ይህን ያህል ኃይለኛ ሰው ክላረንስ ሊባል አይገባም ብለው በዘመኑ ከሚዘፈን አንድ የአየርላንድ ዘፈን ኬሊ የሚለውን ስም አወጡለት። ቁጡነቱም እንደ ስሙ ዕድሜውን በሙሉ አብሮት ኖረ።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአየር ምሕንድስና ተምሮ በ1932 ከተመረቀ በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ወረደ። ጊዜው የኢኮኖሚው ውድቀት የበረታበት ነበርና ሎክሂድ የተባለው ኩባንያ ራሱ ከስሮ በ40,000 ዶላር ብቻ ለአዲስ ባለቤቶች የተሸጠው በዚያው ዓመት ነው። ከዓመት በኋላ ተመለስ ተባለ። ወጣቱም ተመልሶ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራና በ1933 በወር 83 ዶላር ደመወዝ ተቀጠረ። የተመደበበትም የአይሮፕላን ንድፍ ሳይሆን የፋብሪካ መሣሪያዎችን የመንደፍ ሥራ ነበር።

በሥራው መጀመሪያ ላይ ያደረገው ነገር ለሙያ ባልደረቦቻችን ሁሉ የሚነገር ነው። ኩባንያው ህልውናውን የጣለው ኤሌክትራ በተባለ አዲስ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች አይሮፕላን ላይ ነበር። የዚህ አይሮፕላን ሞዴል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ሲፈተሽ ጆንሰን ተማሪ ሆኖ ከፈታሾቹ አንዱ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ውጤቱ ያስኬዳል ብለው ፈርመዋል። አዲሱ ተቀጣሪ ግን አይሮፕላኑ ሚዛኑን አይጠብቅም፤ በተለይ አንዱ ሞተር ቢጠፋ አደገኛ ነው ብሎ ለዋና መሐንዲሱ ለሆል ሂባርድ ነገረው። ሂባርድ ሊያባርረው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ሞዴሉን በመኪና አስጭኖ ወደ ሚሺጋን መለሰውና ችግሩን አንተው ፍታው አለው። ጆንሰን ሰባ ሁለት ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ ከአንድ የጭራ ክንፍ ይልቅ በሁለቱ ጫፎች ላይ የቆሙ ሁለት የጭራ ክንፎች መፍትሔ እንደሆኑ አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በንድፍ ክፍሉ ውስጥ አየርን በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው ይባልለት ጀመር። ይህን አባባል አንባቢ ያስታውስልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ባለ ሁለት ግንድ የሆነው ፒ-38 ተዋጊ አይሮፕላንና ኮንስቴሌሽን የተባለው የረዥም ጉዞ የመንገደኞች አይሮፕላን ተከታተሉ። በ1943 የበጋ ወራት የአሜሪካ ጦር ጀርመኖች የጄት ተዋጊ አይሮፕላን እየሠሩ መሆኑን ስላወቀ በ180 ቀናት ውስጥ ተመሳሳዩ እንዲሠራለት ሎክሂድን ጠየቀ። ጆንሰን ሃያ ሦስት መሐንዲሶችንና ጥቂት የእጅ ባለሙያዎችን መርጦ ከፋብሪካው ተለየ። መጥፎ ሽታ ከሚያወጣ የፕላስቲክ ፋብሪካ አጠገብ፣ ከሰርከስ ድንኳን በተሠራ መጠለያ ሥር ሆኖ አይሮፕላኑን በ143 ቀናት አደረሰ። ስካንክ ወርክስ የሚለው የታወቀ ስም የተገኘውም በዚያ ሽታ ምክንያት ነው። ከጋዜጣ የሥዕል ቀልድ ላይ የተወሰደ ሲሆን በጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚገማ መጠጥ የሚጠመቅበትን ጎጆ የሚያመለክት ነበር። ከዚህ ፒ-80 ከተባለው ተዋጊ የተወለደው ቲ-33 የተባለው የማሠልጠኛ ጄት ወደ ብዙ አገሮች ተዳርሷል። የኢትዮጵያ አየር ኃይልም ከተጠቀሙበት አንዱ ስለሆነ፣ ኬሊ የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ የአገራችን አብራሪ በጓዱ እጅ ሥራ ላይ ተቀምጦ ተምሯል ማለት ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጆንሰን የሥራውን ደንብ በዐሥራ አራት ነጥቦች ጽፎት ነበር። ዋና ሐሳቡ የሥራው ኃላፊ ሙሉ ሥልጣን እንዲኖረው፣ የሠራተኛው ቁጥር በጭካኔ ቃል ሊገለጽ በሚችል ሁኔታ እንዲወሰን፣ ሪፖርት እንዲቀንስ፣ ወጪ ግን በየጊዜው እንዲታወቅ ነው። ነዳፊው ከብረት ቀጥቃጩ ጥቂት ርምጃ ብቻ ርቆ ይቀመጣል፤ ያልገጠመ ክፍል ቢኖር ነዳፊው ተጠርቶ በዓይኑ ያያል። እነዚህ ደንቦች በየትምህርት ቤቱ ተጠቅሰዋል። እንደ እኔ አመለካከት ግን ከደንቦቹ ሁሉ የሚበልጠው ያልተጻፈው ልማዱ ነው፤ የማይሆን ሥራ ሲሆን አይሆንም ብሎ ገንዘብ ይመልስ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአየር ኃይሉ በሃይድሮጅን የሚነዳ የስለላ አይሮፕላን እንዲሠራለት ብዙ ሚሊዮን ዶላር መድቦ ሳለ፣ አይሮፕላኑ የሚፈለገውን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደማይችል ስሌቱ ስላሳየው ሥራው እንዲቋረጥ የመከረ ራሱ ተቋራጩ ጆንሰን ነው።

ዩ-2 በ1955 የበረረው ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሶቪየት ራዳር አያገኘውም በሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው ከንቱ ሆነ፤ ገና ከመጀመሪያው በረራ ጀምሮ ራዳሮቹ ተከተሉት፤ ያጡት ወደዚያ ከፍታ የሚደርስ መሣሪያ ብቻ ነበር። ጆንሰንና ጓዶቹ በአይሮፕላኑ አካል ላይ ሽቦ በመዘርጋትና የራዳር ሞገድ የሚውጥ ሽፋን በመለጠፍ ሊሰውሩት ሞከሩ። ሽፋኑ ክብደት ጨመረ፣ ከፍታም ቀነሰ፤ ይባስ ብሎም ሙቀት በማፈኑ በ1957 በሙከራ ላይ የነበረ አንድ አይሮፕላን ሞተሩ ጠፍቶ አብራሪው ሞተ። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ትምህርት አንድ ነበር፤ መሰወር ከተሠራ በኋላ የሚለበስ ካባ ሳይሆን ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሮ በቅርጹ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

የዩ-2 ተተኪ ሆኖ በ1959 በተመረጠው ኤ-12 ላይ ይህ ትምህርት በሥራ ዋለ። ከድምፅ ፍጥነት ሦስት እጥፍ በላይ የሚበረው ይህ አይሮፕላን ከአፍንጫው ጀምሮ በሁለቱ ጎኖቹ የተዘረጋ ስል ጠርዝ አለው፤ የጭራ ክንፎቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው፤ በክንፎቹ ጠርዝ ላይም ሞገድ የሚውጥ ልዩ ቁስ ተሰክቷል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ራሱ በራዳር ስለሚታይ በነዳጁ ውስጥ ሲዚየም ያለበት ቅመም ይጨመር ነበር። ጆንሰን በዚህ ሥራ ሁልጊዜ ደስተኛ አልነበረም። ለአየር የተመቸውን ቅርጽ ለራዳር ሲል ማበላሸት ለእርሱ ዓይነቱ ሰው መራራ ነበር። ሆኖም ስሉ ጠርዝ ያልታሰበ ተጨማሪ የማንሣት ኃይል ሰጠና ነገሩ ታረቀ። አሜሪካኖቹ ለዚህ አይሮፕላን አካል የፈለጉትን ታይታኒየም ከፊሉን የገዙት በስውር ድርጅቶች በኩል ከሶቪየት ኅብረት ራሷ እንደነበረም በኋላ ታውቋል።

ነገር ግን ኤ-12 ገና ሳይበር ዓላማው ተሰናከለ። በሜይ 1 ቀን 1960 አንድ ዩ-2 በሶቪየት ምድር ላይ ተመትቶ ወደቀ፤ አብራሪው ጋሪ ፓወርስ በሕይወት ተያዘ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዓለም ፊት ውሸታም ሆኑ። አይሮፕላን መውደቁ ሳይሆን ሰው መያዙ ነበር ትልቁ ኪሳራ። ከዚያ በኋላ አብራሪ የያዘ አይሮፕላን በሶቪየት ምድር ላይ እንዳይላክ ተከለከለ። በዚህ ጊዜ ቻይና የአቶም ቦምብ ለመሥራት በሩቁ ምዕራብ በሎፕ ኖር በረሃ ትዘጋጅ ነበር፤ በ1964ም አፈነዳች። ከታይዋን እየተነሡ ወደዚያ የሚሄዱት ዩ-2ዎች በየጊዜው እየተመቱ ይወድቁ ጀመር። እንግዲህ ሩቅ የሚሄድ፣ የማይታይ፣ ቢወድቅም የሚመረመር ሰው የማይገኝበት አይሮፕላን አስፈለገ። ማዕከላዊው የስለላ ድርጅት በ1962 መጨረሻ ጉዳዩን እንዲያጠና ጆንሰንን ጠየቀው፤ በ1963ም ሥራው በውል ተሰጠው።

ማሽኗ ስታይ የኤ-12 ልጅ ትመስላለች። ርዝመቷ 13 ሜትር ያህል፣ ከክንፍ እስከ ክንፍ ከ6 ሜትር ያነሰች፣ ክብደቷ 5 ቶን ገደማ ነው። አካሏና ክንፏ ተለይተው የማይታወቁ ሆነው አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳሉ። አብዛኛው አካሏ ታይታኒየም ሲሆን ጠርዞቿ ሞገድ ከሚውጥ ቁስ የተሠሩ ናቸው። ለመብረር የታሰበችው ከ27 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከድምፅ ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት፣ ለ5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው። የምትነዳውም በራምጄት ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ራምጄት የሚሽከረከር ክፍል የለውም፤ አየሩን የሚያምቀው የራሱ የአይሮፕላኑ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ከቆመበት ሊነሣ አይችልም፤ አስቀድሞ ሌላ ኃይል በብዙ ፍጥነት ሊወረውረው ይገባል። በዚህም ምክንያት ጆንሰን ኤ-12ን ለሁለት ሰው አድርጎ ለወጠና ማሽኗን በጀርባዋ እንድታዝል አደረገ። ተሸካሚዋ ኤም-21፣ ታዛይዋ ዲ-21 ተባሉ፤ ፊደሎቹ በእንግሊዝኛ እናትና ልጅ ማለትን ያመለክታሉ።

ጉዞው እንዲህ ታቀደ። ልጅቱ ከእናቷ ጀርባ ከተለየች በኋላ በውስጧ ያለው አቅጣጫ ጠባቂ መሣሪያ አስቀድሞ በተሰጠው መንገድ ይመራታል፤ ከማንም ጋር በሬዲዮ አትነጋገርም። ሎፕ ኖርን አንሥታ ዞራ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ትመለሳለች። በዚያም ካሜራውና ፊልሙ ያሉበት ክፍል ተነቅሎ በፓራሹት ይወርዳል፤ መሬት ወይም ባሕር ሳይነካ ሌላ አይሮፕላን በአየር ላይ ይጠልፈዋል፤ ማሽኗ ራሷ ግን ትፈነዳለች። እዚህ ላይ የነገሩን ብልት ልብ ማለት ይገባል። ለመሰወር ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ የሚያወራ አይሮፕላን ይሰማልና። ዝም ያለ አይሮፕላን ግን ቢሳሳት ማንም ተመለስ ሊለው አይችልም። በአብራሪ ወንበር ላይ የነበረው ፍርድ በሙሉ በአንድ ሣጥን ውስጥ ለተዘጉ መሣሪያዎች ተሰጠ፤ እነዚያም የ1960ዎቹ መሣሪያዎች ነበሩ።

ጆንሰንን ያስጨነቀው ግን ይህ አልነበረም፤ መለያየቱ ነበር። ከድምፅ ሦስት እጥፍ በሚበር አይሮፕላን ዙሪያ የታመቀው አየር እንደ ግድግዳ ነው። አምስት ቶን የምትመዝን ማሽን በሁለቱ የጭራ ክንፎች መካከል፣ በጥቂት ክንድ ርቀት ብቻ፣ ይህን ግድግዳ ጥሳ መውጣት አለባት። በ1966 ማርች 5 ቀን የመጀመሪያው መለያየት ተሳካ። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ተሳኩ፤ ሦስተኛዋ የተሰጣትን መንገድ ፈጽማ ካሜራውን መጣል ብቻ ተሳናት። በጁላይ 30 ቀን አራተኛው ሙከራ ተደረገ። ባለፉት ሦስቱ እናቲቱ በመለያያው ሰዓት አፍንጫዋን ጥቂት ዝቅ እያደረገች ልጅቱን ከጀርባዋ ታቀልላት ነበር፤ በዚህኛው ግን ቀጥ ብላ በመብረር ላይ ሳለች ለቀቀቻት። የልጅቱ ሞተር ተዛባ፤ ወደ ጎን ተጋድማ የእናቷን ጭራ መታች። እናቲቱ አፍንጫዋን ወደ ላይ አንሥታ በአየር ላይ ለሁለት ተሰበረች። አብራሪው ቢል ፓርክና ልጅቱን የሚለቅቀው ሬይ ቶሪክ ከመቀመጫቸው ጋር ተወርውረው ወጡ፤ ሁለቱም በሕይወት ውቅያኖሱ ላይ ወረዱ። ፓርክ ተረፈ። ቶሪክ ግን በልብሱ ውስጥ ውኃ ገብቶ ሰጠመ። አደጋው በሙሉ አብሮ ይበር በነበረ ሌላ አይሮፕላን ላይ ሆኖ በፊልም ተነሥቷል።

ሰው እንዳይሞትባት፣ ሰውም እንዳይያዝባት ተብላ የተሠራች ማሽን የመጀመሪያ ሥራዋ የሠሪዎቿን ሰው መግደል ሆነ። ጆንሰን ከዚህ በኋላ ከኤም-21 ጀርባ አንዲት እንኳ እንዳትለቀቅ ወሰነ። ወዲያው ሥራውን በሙሉ ለመተውና የተሰጠውን ገንዘብ ለመመለስ ተነሥቶ እንደነበር ምክትሉ የነበረው ቤን ሪች በማስታወሻ መጽሐፉ ተርኳል። ደንበኞቹ ግን ማሽኗን ይፈልጓት ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ጆንሰን ልቡ ስለተነካ ከሚገባው በላይ ተጠነቀቀ ይላሉ። ለእኔ ግን ውሳኔው የስሜት ብቻ አይመስለኝም። መለያየቱ ያለ ትርፍ የተሠራ ነበር፤ ትንሽ ስሕተት የምትችል ስፋት በመካከላቸው አልነበረችም። እንዲህ ያለው ንድፍ አራት ጊዜ ቢሳካ እንኳ በአምስተኛው ይገድላል።

ሌላው መንገድ ማሽኗን ከቢ-52 ቦምብ ጣይ ክንፍ ሥር መስቀል ነበር። ቢ-52 ቀርፋፋ ስለሆነ ራምጄቱን ለማስነሣት ሮኬት አስፈለገ፤ ሮኬቱም ከማሽኗ ይልቅ ረዘመ፤ ከበዳትም። ከዚህ በላይ የሚያምር መሐንዲሳዊ መፍትሔ መኖር ነበረበት የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ሰው አልገደለም። ሙከራው አድካሚ ሆነ። በ1967 አንዲት ማሽን አንድ የተበላ ብሎን ይዟት ሳይታሰብ ከክንፉ ሥር ወደቀች። በጁን 1968 ግን አንዷ የታቀደላትን መንገድ በሙሉ ሄዳ ካሜራዋን አስረከበች። በ1969 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ቻይና እንድትላክ ፈቀዱ።

አራት ጊዜ ተላከች። በኖቬምበር 1969 የመጀመሪያዋ ሎፕ ኖር ላይ ደርሳ መዞር ሲገባት አልዞረችም፤ ነዳጇ እስኪያልቅ ቀጥ ብላ ሄዳ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ወደቀች። በዲሴምበር 1970 ሁለተኛዋ ጉዞዋን ፈጽማ ተመለሰች፤ የካሜራው ፓራሹት ግን በሚገባ ሳይከፈት ቀርቶ ፊልሙ ጠፋ። በማርች 1971 ሦስተኛዋም ተመለሰች፤ በአየር ላይ መጠለፉ ስላልተሳካ የካሜራው ክፍል ውቅያኖስ ላይ ወረደ፤ መርከብ ሊያወጣው ሲሞክር ሰጠመ። በዚያው ወር አራተኛዋ ቻይና ላይ ጠፋች። አራት ጉዞ ተደርጎ አንድ ፎቶግራፍ አልተገኘም።

ልብ በሉ፤ እኛ እስከምናውቀው ድረስ ከአራቱ አንዷንም ጠላት መትቶ አልጣላትም። ጆንሰን በዋናው ጉዳይ፣ በመሰወሩ፣ ተሳክቶለት ነበር። ያሸነፉት የራዳር ጣቢያዎችና ሚሳይሎች ሳይሆኑ አንድ ያልዞረ መሪ፣ አንድ ያልተከፈተ ጨርቅ፣ አንድ ያልተያዘ ገመድ ናቸው። አብራሪ በውስጧ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የመጀመሪያዋ ዞራ በተመለሰች ነበር። በጁላይ 1971 ሥራው በሙሉ ተሰረዘ። በዚያው ወር ኪሲንጀር በስውር ቤጂንግ ደርሶ ስለተመለሰ ቻይናን በአየር መሰለል ለፖለቲካው የማይመች ሆኖ ነበር፤ አዲስ ዓይነት የስለላ ሳተላይትም ከአንድ ወር በፊት ተተኩሷል። ከተሠሩት 38 ማሽኖች 17 ያህሉ ተርፈው በአሪዞና በረሃ እንዲቀመጡ ተደረገ።

ሶቪየቶች ግን ከጆንሰን ደንበኞች ይልቅ ከማሽኗ ተጠቀሙ። በምድራቸው የወደቀችውን ሰባብራ ሰብስበው መረመሩና የቱፖሌቭ የንድፍ ቢሮ ቮሮን፣ ማለት ቁራ፣ የተባለ ተመሳሳይ እንዲነድፍ ታዘዘ፤ ሳይሠራ ቀረ እንጂ። ቤን ሪች እንደ ጻፈው በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የስለላ ባለሥልጣን ከሳይቤሪያ የተገኘ ነው ብሎ አንድ ቁራጭ አካል አመጣለት፤ ቁራጩም ከዚያች ማሽን የተነቀለ ነበር። በዲሴምበር 2011 ኢራን አርኪው-170 የተባለውን የዚያው የሎክሂድ ሥራ የሆነ ስውር አብራሪ አልባ አይሮፕላን ለዓለም ስታሳይ የሆነው ይኸው ነው። ሰው ያልያዘ አይሮፕላን ሲወድቅ ምስክር አይሰጥም፤ ምስጢሩን ግን አካሉ ይዞት ይወርዳል።

ጆንሰን በጃኑዋሪ 1975 ጡረታ ወጣና ቦታውን ለሪች ለቀቀ፤ አማካሪ ሆኖ ግን መምጣቱን አልተወም። አየርን በዓይኑ ያያል የተባለውን ሰው ዕድሜ የሚፈትን ነገር የገጠመው ያን ጊዜ ነው። ዴኒስ ኦቨርሆልሰር የተባለ የሎክሂድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ፒዮትር ኡፊምትሴቭ የተባለ ሶቪየታዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1962 በሞስኮ ያሳተመውን፣ ሞገድ ከጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚመለስ የሚያሰላ ጥናት አግኝቶ አነበበ። የሶቪየት ጦር ያልተጠነቀቀበት ጥናት ነበርና ተተርጉሞ ለማንም ይደርስ ነበር። በዚህ ስሌት አንድ አይሮፕላን ለራዳር ምን ያህል እንደሚታይ ሳይሠራ በኮምፒውተር ማወቅ ተቻለ። የዘመኑ ኮምፒውተር የተጎበጠ ገጽ ለማስላት አቅም ስላልነበረው ቅርጹ በሙሉ ከዝርግ ገጾች ተገጣጠመ፤ የተወቀረ አልማዝ መሰለ። ለዓይን የሚያስጠላ፣ ለመብረር የሚያስቸግር ነገር ነበር።

ጆንሰን ሞዴሉን አይቶ አላገጠ፤ ተቆጣም። እንዲህ ያለ ነገር በደንብ ሊበር አይችልም፤ ከራዳር በመሰወርም ቢሆን የእርሱን ዲ-21 አያህልም ብሎ ከሪች ጋር በሃያ አምስት ሳንቲም ተወራረደ። በሴፕቴምበር 1975 የሁለቱም ሞዴሎች ሞገድ በሚለካበት ክፍል ጎን ለጎን ተፈተሹ። አልማዙ የሚመልሰው ሞገድ ዲ-21 ከሚመልሰው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጆንሰን ሳንቲሙን አውጥቶ ከፈለ፤ ነገር ግን አልማዙ ሲበር እስኪያይ ድረስ ሪች ሳንቲሙን እንዳያጠፋው አሳሰበው።

ይህን ታሪክ አንዳንዶች እንደ ቀልድ ይነግሩታል። ለእኔ ግን ከቀልድ የራቀ ነው። ጆንሰን የተሳሳተው ከስንፍና አይደለም። ዓይኑ አርባ ዓመት ሙሉ ሳያታልለው ኖሯል፤ ለአየር የሚያምር ቅርጽ ለአየር የሚመች እንደሆነ ሰባ ሁለት ጊዜ በዋሻ ውስጥ ሞክሮ የተማረ ዓይን ነው። የራዳር ሞገድ ግን ለሰው ዓይን ምንም ዝምድና የለውም፤ ለዓይን አስቀያሚው ለሞገድ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዲ-21 በዓይንና በሙከራ ሊደረስ የሚቻለው የመሰወር ጥበብ ጫፍ ነበረች። ከእርሷ በኋላ ያለው የስሌት ዘመን ነው። አንድ አለቃ ቆሞ አይቶ ይህ ይሆናል፣ ይህ አይሆንም የሚልበት አሠራር በዚያች ሳንቲም ተዘጋ። ያም ሆኖ ከፈለ። ውጤቱን አይቶ መለኪያው ተሳስቷል ያላለ፣ አዲሱን ሥራ ለማሰናከልም ዝናውን ያልተጠቀመ ሽማግሌ በየሙያው ብዙ አይገኝም።

አልማዙ ሃቭ ብሉ በሚል የምስጢር ስም በዲሴምበር 1 ቀን 1977 በረረ። አብራሪው ቢል ፓርክ ነበር፤ ያ ከውቅያኖሱ የተረፈው። ከዚያ የተወለደው ኤፍ-117 በ1981 ሰማይ ላይ ወጣ።

የጆንሰን የግል ሕይወት በብዙ ሐዘን የታጠረ ነበር። በ1937 ያገባት ባለቤቱ አልቲያ በ1969 ሞተች፤ ሁለተኛይቱም በ1980 በበሽታ ዐረፈች፤ ከዚያ ሦስተኛ አገባ። የሕይወት ታሪኩን በ1985 አሳተመ። ከብዙ ዓመት ሕመም በኋላ በዲሴምበር 21 ቀን 1990 በበርባንክ ከተማ፣ ከወርክሾፑ ብዙም ሳይርቅ፣ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ፤ ዕድሜው ሰማንያ ዓመት ነበር። ሪችም በዚያው ወር መጨረሻ ከሥራ ተሰናበተ።

በ1971 ቻይና ላይ የጠፋችው አራተኛዋ ማሽን በዩናን ክፍለ ሀገር ወድቃ ተገኝታ ስብርባሪዋ ቤጂንግ አጠገብ ወዳለው የአቪዬሽን ሙዚየም ተወስዷል። ከተሠሩት ሁለት ኤም-21ዎች የተረፈችው አንዲቱ ደግሞ በሲያትል ከተማ በሚገኘው የበረራ ሙዚየም ቆማለች፤ በጀርባዋም ላይ አንዲት ዲ-21 ታዝላለች።